ቀድሞን የሄደው ሹራብ

ከማድረቂያ ማሽን የወጣ ልብስ ሲሸተኝ የሰባት ዓመት ልጅ እሆናለሁ።

ፍሌሚንግደን ፓርክ በሚባል የሰው አገር ሰፈር፣ አሥራ አንደኛ ፎቅ ነበርን። ቅዳሜ ቅዳሜ አባቴ ኳስ ሲያይ እማዬን ተከትዬ ምድር ቤት ወዳለው የልብስ ማጠቢያ ክፍል እወርዳለሁ። ቅርጫታችን ሞልቶ ወርዶ ጎድሎ ይመለሳል። ሦስተኛ ፎቅ የሚኖሩት እትዬ ጽጌ ትኩስ ትኩሱን እያጣጠፉ ከልብሳችን ጥቂቱን በራሳቸው ከረጢት ይከቱታል።

"ቢጫ ሹራቤስ?" አልኩ አንድ ቀን።

"ቀድሞን ሄዷል" አለች እማዬ፣ አባቴ ያጠቆረውን ዓይኗን ወደ ማሽኑ አዙራ። የዓይኗ ነገር ገብቶኛል፤ የሹራቡ ግን አልገባኝም።

አንድ ቅዳሜ ቅርጫቱ ውስጥ አንድ አንሶላ ብቻ ነበር። አባቴ ቀና ብሎም አላየን። የሚታጠብ ልብስ የያዘች ሴት የት ትሄጃለሽ ተብላ አትጠየቅም።

"አሁን የቀረነው እኛ ነን" አለችኝ ሊፍት ውስጥ።

እትዬ ጽጌ ከረጢቶቹን ይዘው ባስ ፌርማታው ላይ ቆመዋል። ሹራቤን እዚያው አለበሱኝ።

ዛሬ ሌላ ሰፈር፣ ፓርክዴል፣ እማዬ ቤት ነኝ። ምድር ቤት ማድረቂያው ውስጥ ያስገባነው ልብስ ከደረቀ ሰዓት አልፎታል።

"ወርጄ ላምጣው?" አልኳት።

ሶፋዋ ላይ እንደተጋደመች ዓይኗን ሳትገልጥ መለሰችልኝ።

"ተይው ልጄ። የትም አይሄድም።"