ዋስ ያጣ አባት

ከጉለሌ የወጣሁት ጎህ ሲቀድ ነው፤ ያውም የሴት ነጠላ ተከናንቤ። ነጠላው የአስካለ ነው፤ የፈታችኝ ሚስቴ፣ በዋዜማው ችሎት የተሟገትኳት። በሬን ደብድባ «ተነሥ፣ አንተ ሰው! ትናንት የለፈለፍከውን ለጣሊያን አድርሰውታል፤ ይመጡብሃል» አለችኝ። ልጃችን ጽጌ ከኋላዋ ቆማ ዓይኗን ታሻለች። ስድስት ዓመቷ ነበር።

ምን እንደለፈለፍኩ ልንገራችሁ። አገር ቤት ያላችሁ ትታዘቡኛላችሁ፤ እዚህ ገዳሪፍ ያላችሁ አፌን ስለምታውቁት አይገርማችሁም።

ስንለያይ በሽማግሌ ዳኝነት ቤቱ ለኔ፣ ላሟ ለሷ ደረሰች። ጽጌን ግን ማን ይካፈላል? ጣሊያን ያቆመው ችሎት ድረስ ሄድን። ዳኛው ያገራችን ሰው፣ ከጎናቸው አንድ ጣሊያን መኮንን፣ መሃል ላይ አስተርጓሚ። እኔ ደግሞ ሙግት ስወድ! ኩታዬን አደግድጌ ስናገር ራሴን በራሴ አስለቀስኩ።

«ልጅቱ ስትታመም ማን ያስታምማታል?» አሉ ዳኛው።

«እኔ ነኛ፣ ጌታዬ!»

«ባለፈው ክረምት ምን አሟት ነበር?»

«እ... ብርድ።»

«ኩፍኝ» አለች አስካለ፣ ቀስ ብላ።

ቢሆንም አስካለ እህቷ ቤት ተጠግታ ነበርና ዳኛው ወደኔ አዘነበሉ። «ልጅቱ ወደ አባቷ ትሂድ። ይዟት እንዳይጠፋ ግን ዋስ ይጥራ።»

ዞር አልኩ። ሚዜዬ የነበረው በየነ እግሩን አየ። ወንድሜን ሳል ያዘው። እውነታቸውን ነው፤ በዚያ ዘመን የወጣ ወንድ ማታ ቤቱ መግባቱን ማን ያውቃል? ሰውየው ከጠፋ ወህኒ የሚወርደው ዋሱ ነው። እኔ ግን ኩራቴ አናቴ ላይ ወጣ። «እናንተ ባታምኑኝ፣ ጫካ ያሉት ጀግኖች ስንቃቸውን ለኔ አደራ ይሰጣሉ!» አልኩ። አንድ ቀን፣ አንዲት ቁና በሶ፣ ያውም እየተንቀጠቀጥኩ እንጦጦ ጫፍ አድርሼ ነበር። ጀግንነቴ ያችው ናት።

አስተርጓሚው ወደ መኮንኑ ሲዞር አስካለ ዘላ ተነሣች።

«አይስሙት፣ ጌታዬ! እንጨት ለቃሚዎቹን ነው ጀግና የሚለው። ጠጅ ከቀመሰ ለሱ ቀበሮም ጀግና ነው!»

ሰዉ ሳቀ። አስተርጓሚውም፣ እግዜር ይስጠው፣ የተረጎመው ሳቁን ብቻ ነው። ዳኛው ግንባራቸውን ጠርገው «ዋስ እስኪያገኝ ከእናቷ ጋር ትቆይ» አሉ።

ታዲያ በማግስቱ በሬ ላይ ጽጌን አቅፌ «ዋስ ፈልጌ እመጣለሁ» አልኳት። «እሺ፤ ሸንኮራም አምጣልኝ» አለችኝ።

ጢሜን በነጠላው ሸፍኜ በሸጎሌ በኩል አለፍኩ። ጎጃምን በእግሬ ቆርጬ፣ በመተማ ድንበሩን ተሻግሬ ገዳሪፍ ገባሁ። የሐምሌ ጭቃችንን ስረግም የኖርኩት ሰውዬ ለጭቃ አለቀስኩ፤ እዚህ ጥላው ራሱ ያልበዋል። ኪስራ የሚሉት እንጀራቸው ዓይን የለውም፤ የሚበላውን ሰው እንኳ አያይም። ቤት ልከራይ ብል አከራዩ ሐጂ «ከፊል ዌን?» አሉኝ፤ ዋስህ የታለ ማለታቸው ነው።

«ሐጂ፣ ዋስ ቢኖረኝ እዚህ ምን አመጣኝ?»

«ታዲያ ማን ያውቅሃል?»

«የሚያውቁኝ ሁሉ እንቢ ብለዋል። እርስዎ ስለማያውቁኝ ይሻላሉ።»

ስቀው ቁልፉን ሰጡኝ።

ጣሊያን ሲወጣ ምን ከለከለህ ትሉኝ ይሆናል። አስካለ እንዳገባች፣ ጽጌም ሰውየውን አባባ እንደምትለው መንገደኞች ነገሩኝ። ደግ ሰው ነው አሉ። ክፉ ነው ቢሉኝ ኖሮ በማግስቱ እነሣ ነበር፤ ደግነቱ አሰረኝ። ለከርሞ፣ ለከርሞ እያልኩ ሸበትኩ።

ባለፈው ፋሲካ አንድ የጉለሌ ሰው የነጽጌን ቤት ስልክ ቁጥር ሰጠኝ። ፖስታ ቤት ሄጄ ደወልኩ። አንዲት ሴት አነሣች።

«ወይዘሮ ጽጌ?»

«ነኝ። ማን ልበል?»

ያ ሁሉ አንደበት የት እንደገባ እንጃ። «ከ... ከገዳሪፍ ነው» አልኩ።

«ከገዳሪፍ? እኛ እንኳ እዚያ ሰው የለንም...» አለችና ወደ ውስጥ ተጣራች፤ «አባባ! እስቲ ይምጡ፣ የርስዎ ሰው ሳይሆን አይቀርም።»

የሽማግሌ እርምጃ እየተጎተተ ወደ ስልኩ ሲመጣ ይሰማኛል። አልዘጋሁትም።