ጋሽ ታደሰ «ሂድ» ያሉኝ ቀን

የደቡብ ሱዳን የነጻነት ሪፈረንደም ሲቃረብ ጁባ ላይ ጦርነት ይነሳል ተባለ። እዚያው ጁባ፣ አማራት ሰፈር ያለ የሐበሻ ሆቴል ውስጥ አስተናጋጅ ነበርኩ። ወደ ደቡብ አፍሪካ ልሻገር ወይስ እናቴ ዘንድ ደሴ ልመለስ እያልኩ ስወላውል፣ የሆቴሉን ባለቤት ጋሽ ታደሰን አማከርኳቸው። እሳቸው እኮ፣ ስደት ሲነሳ ደማቸው የሚፈላ፣ ያገኙትን ሁሉ «አገርህ ግባ!» ብለው የሚቆጡ ሰው ናቸው። የዚያን ቀን ግን ዓይኔን ሳያዩ፣ «ሂድ ልጄ፣ ተሻገር» አሉኝ።

«እናቴስ?» ስላቸው ጥብስ አዘዙልኝ።

«መጀመሪያ ብላ።»

ወጥ ቤቷ ያለወትሮዋ ሥጋ ደራርባ አመጣችልኝ። ባልደረባዬም «ዛሬ እኔ እሠራልሃለሁ፣ ግባና ተኛ» አለኝ። ዛሬስ ምን ነካቸው እያልኩ ጥርግ አድርጌ በላሁ።

ጎህ ሲቀድ በሬ ተንኳኳ። ስከፍት የማውቀው የጁባ ሐበሻ ሁሉ ደጄ ላይ ቆሟል። ከፊት ጋሽ ታደሰ ነበሩ፤ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል።