ፍላሽ አስሬ ጠበል ገባሁ

ኢሜይል አንገት ላይ ይታሰር የነበረበትን ደግ ዘመን ታስታውሳላችሁ? እኔ አስሬዋለሁ! የእህቴ ልጅ ሰናይት ሲግናል ሰፈር ያለ ኢንተርኔት ቤት ትሠራ ነበር። ቤቱ ሊዘጋ፣ ኮምፒውተሮቹም ሊሸጡ ሲሉ፣ እጮኛዋ ታምራት ከጁባ የጻፈላትን ኢሜይል በሙሉ ፍላሽ ላይ ገልብጣ ሰጠችኝ።

«ጋሼ፣ ሌላ ቅጂ የለኝም። ቤት እስክመጣ አደራዎን!»

«ፍቅር እንዲህ ቀላል ነው እንዴ? እኔ እኮ ግማሽ ኪሎ ይሆናል ብዬ ነበር!» አልኳት።

ታክሲ ውስጥ ሌባ እንዳይወስድብኝ ከማተቤ ጋር አሰርኩትና ወደ ሰፈሬ፣ ወደ ፈረንሳይ ለጋሲዮን መጣሁ። ጉልበቴን ያመኝ ስለነበር በዚያው እንጦጦ ወጥቼ ልጠመቅ አልኩ። ልብሴን አውልቄ ገባሁ። ፍላሹ ትዝ ያለኝ ውሃው አናቴ ላይ ሲወርድ ነው!

«ኧረ ተው! አቁሙ! ውሃ ከነካው ይሞታል!» ብዬ ጮህኩ።

አጥማቂው ደስ አላቸው። «ጮኸ፣ ያዙት! ማነህ አንተ? ስምህን ተናገር!»

«ኢሜይል ነው፣ አባቴ!»

«የት ነው የያዝከው?»

«ሲግናል!»

«ትለቃለህ?»

አጥማቂውን የሚያግዙት ጎረምሶች ክንዴን ጠምዝዘው ሌላ ባልዲ ደገሙኝ። «እለቃለሁ!» ብዬ ምዬ ነው የተረፍኩት።

ሰናይት ፍላሹን ስታይ አለቀሰች። ፀሐይ ላይ አድርቀን በነጋታው ሰፈራችን ያለው ኢንተርኔት ቤት ሰካነው። ተከፈተ! የመጀመሪያውን ኢሜይል አንብባ በሳቅ ፍርስ አለች። ጎንበስ ብዬ ፊደል እየቆጠርኩ አነበብኩት፦

«የኔ ቆንጆ፣ ለዚያ ቀልደኛ አጎትሽ ብቻ ዕቃ እንዳትሰጪ።»