በሽታውን አታንሳላቸው

ያን ጸሎት የሰማሁት በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ መጨረሻ ላይ፣ አሜሪካ፣ ፓልምስ በሚባል ሰፈር ውስጥ፣ በአንድ ጠባብ አፓርትመንት ሳሎን ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር። እስከ ዛሬ ሳስታውሰው ፊቴ ይግላል።

የተጸለየላቸው ሰው አሠሪዬ ነበሩ። የወሎ ሰው፣ ሙስሊም፣ ስልሳን የተሻገሩ። ፌርፋክስ ጎዳና ላይ በርበሬ፣ ምስር፣ ነጠላና የአገር ቤት ካሴት የሚሸጡባት ትንሽ ሱቅ ነበረቻቸው። አሜሪካ በገባሁ በሁለተኛው ወር፣ ከ«የስ» እና ከ«ኖ» ሌላ እንግሊዝኛ ሳላውቅ፣ አምነው ሱቃቸው ውስጥ ሥራ የሰጡኝ እሳቸው ናቸው። ጋሼ እላቸው ነበር። ከሱቋ ጀርባ ባለው መጋዘን ውስጥ፣ በጆንያዎቹ መሀል አንድ ሰው የሚንበረከክበት ባዶ ቦታ አለ። የሶላት ሰዓት ሲደርስ እሳቸው ይገባሉ፣ እኔ ደንበኛ አስተናግዳለሁ። ሆዴ በባሰው ቀን ደግሞ እኔ ክርስቲያኗ ልጸልይ እገባለሁ፣ እሳቸው ካሴቱን ዝቅ ያደርጉልኛል። የጥገኝነት ኢንተርቪው በነበረኝ ቀን ጠዋት፣ በሩ ላይ አቁመውኝ ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። «አላህ ፊትሽን ያብራው፤ የሚጠይቅሽን ሰው ልብ ያራራው» አሉ። መጀመሪያ እንዲህ ሁኚ፣ እንዲያ እመኚ አላሉኝም።

አንድ ማክሰኞ ካርቶን ሲከፍቱ ቢላዋው ከእጃቸው ወደቀ። አንስቼ ልሰጣቸው ስል ቀኝ እጃቸው አልታዘዝ አላቸው። ሊናገሩ ሞከሩ። አፋቸው ወደ አንድ ወገን ተጣመመ፣ የወጣው ድምፅም ቃል አልነበረም። አምቡላንስ ጠራሁ። ሆስፒታል ስንደርስ ስትሮክ ነው ተባለ።

ለባለቤታቸው ላስጸልይላቸው እንደምሄድ ነግሬ ቅዳሜ ወደ ጸሎት ጉባኤያችን ሄድኩ። የሚመራን ወንድም ጋርዴና በምትባል ከተማ ፋብሪካ ውስጥ የሚሠራ፣ ጾም የሚያበዛ፣ ሲዘምር ሰው የሚያስለቅስ ሰው ነበር። እንደ ሥጋ ወንድሜ ነበር የምወደው፤ ንዴቴም የከፋው ለዚያ ይመስለኛል። «የጸሎት ርእስ ያለው?» ሲል እጄን አወጣሁ።

«አሠሪዬ ታመዋል። መናገር አቅቷቸዋል። እግዚአብሔር እንዲፈውሳቸው ጸልዩልኝ።»

«አማኝ ናቸው?»

«ሙስሊም ናቸው።»

«ሶ፣ እንግዲያው...» አለ። «መጀመሪያ የሚያስፈልጋቸው ጌታ ነው፣ እህቴ። ያለ እሱ ቢድኑስ ምን ይጠቅማቸዋል?»

ዐይናችንን ጨፈንን። ያ የሚያምር ድምፁ ከፍ አለ። «ጌታ ሆይ፣ ወደ አንተ የሚመጡበት መንገድ ይህ ከሆነ በሽታውን አታንሳላቸው! እስኪያውቁህ ድረስ አልጋው ላይ አጥብቀህ ያዛቸው!»

«አሜን!» አለ ቤቱ በሙሉ።

ዐይኔን ገለጥኩ። አንዷ እህት እንባዋ በጉንጯ ይወርዳል። ከልባቸው ነበር። ለጋሼ ደግ ነገር የለመኑ መስሏቸዋል።

«ተው!» አልኩ።

«እህቴ፣ ጸሎት ላይ እኮ ነን።»

«ይኼ ጸሎት አይደለም፣ እርግማን ነው። እኔ ፈውሳቸው በሉልኝ አልኩ እንጂ ያዝልኝ በሉ አላልኩም።»

«የነፍሳቸው ጉዳይ ይበልጣል።»

«ኢየሱስ የፈወሳቸውን ሁሉ መጀመሪያ የማን ወገን ናችሁ ብሎ ጠይቋል? ያ ሮማዊ የጦር አዛዥ አገልጋዬ ታመመብኝ ብሎ ሲለምነው፣ መጀመሪያ አንተ ተለወጥ አለው? ያንተ እግዚአብሔር ሽማግሌ አንቆ ካልወደድከኝ አልለቅህም የሚል ነው?»

«በእግዚአብሔር ላይ አትፍረጂ።»

«የምፈርደው በእሱ ላይ አይደለም፣ ባንተ ላይ ነው!»

ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ። ስታለቅስ የነበረችው እህት ተከትላኝ መኪናዬ ድረስ መጣች። «እኔ እኮ አሜን ያልኩት ሳላስበው ነው» አለችኝ። «እንግዲያው ሳታስቢ ለሰው አትጸልዪ» አልኳትና በሩን ዘጋሁባት። ያ ከባድ ቃል ለእሷ ተገቢ አልነበረም።

ወደ ሆስፒታል ድራይቭ አደረግሁ። ፍሪዌይ ላይ ጮክ ብዬ መጸለይ ጀመርኩ። «ጌታ ሆይ፣ የዚያን ወንድም አፍም ዝጋው! እስኪገባው ድረስ አትክፈትለት!» አልኩ። የተናገርኩት ለገዛ ጆሮዬ ሲደርስ ደነገጥኩ። የእሱው ጸሎት ነበር። ስቆጣ የጠራሁት ያንኑ አንቆ የሚይዘውን አምላክ ነው። በሚቀጥለው መውጫ ወጥቼ አንድ ነዳጅ ማደያ አጠገብ ፓርክ አደረግሁ። በእሱ ተናደድኩ፤ እሱን በመሰልኩት በራሴም ተናደድኩ። እስኪበርድልኝ ብዙ ጊዜ ፈጀብኝ፤ እንዲያም ሆኖ ጨርሶ አልበረደልኝም።

ሆስፒታል ስደርስ የጋሼ ባለቤት አልጋው አጠገብ ተቀምጠዋል።

«ጸለያችሁላቸው?» አሉኝ።

«አዎ፣ እትዬ» ብዬ ዋሸሁ።

«አላህ ይስጥልኝ። ለነዚያ ልጆች ምስጋናዬን ንገሪልኝ እሺ? ምንም ሳያውቁን!»

ውስጤ እንደ እሳት ነደደ። ቀጥለውም «አንቺም እዚሁ ጸልዪላቸው እንጂ፣ እንደምታውቂው» አሉኝና ወንበራቸውን ለቀቁልኝ። የጋሼን ቀኝ እጅ ያዝኩ። ከባድና ቀዝቃዛ ነበር። ቃል አላምር አለኝ። «ጌታ ሆይ፣ ይናገሩ። ይነሡ» አልኩ። ሌላ ምንም አልጨመርኩበትም። እኔን ምንም ሳልሆንለት የወደደኝ አምላክ እሳቸውን ለመውደድ ቅድመ ሁኔታ ያስቀምጣል ብዬ ማመን አልቻልኩም።

ንግግራቸው በስንት ወሩ ቀስ እያለ ተመለሰ፤ ቀኝ እጃቸው ግን አልዳነም። ሱቁን ባለቤታቸው ያዙ፣ እሳቸው ወንበር ላይ ሆነው ሰው ይቀበላሉ። እኔ ወደ ፓልምስ አልተመለስኩም፤ ቆይቶ ዌስት አዳምስ በሚባል ሰፈር ሌላ የጸሎት ኅብረት አገኘሁ።

አንድ ቀን ያ ወንድም በርበሬ ሊገዛ ሱቅ ገባ። ጋሼ ፊት ዝቅ ብሎ «እየጸለይንልዎት ነው» አላቸው።

«እግ... ዜር ይስጥልኝ፣ ልጄ» አሉት፣ ቃሉን እየታገሉ።

ዕቃውን ሰጥቼው ተከትዬው ወጣሁ። «ምን ብለህ እንደጸለይክ ለምን አትነግራቸውም?»

«በፍቅር ነው የጸለይኩት» አለኝ። ዐይኑ ላይ ውሸት አላየሁም።

«አውቃለሁ። እኔን ያስፈራኝም በፍቅር መሆኑ ነው።»

በርበሬውን ይዞ ወደ መኪናው ሄደ። ስገባ ጋሼ ማን እንደሆነ ጠየቁኝ።

«ድሮ አብረን የምንጸልይ ሰው ነው።»

«ጨዋ... ልጅ» አሉ።

እውነቱን ልነግራቸው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩትና ቀጣዩን ደንበኛ «ምን ልስጥዎት?» አልኩ።