የቀጠነው የቁስል ውሃ

ጣልያን ቡታጅራ በከፈተው ሐኪም ቤት ቁስል አጣቢ ነበርኩ። ሚሲዮን ቤት ጥቂት ጣልያንኛና ሒሳብ ተምሬ ስለነበር፣ ሐኪሙ አኳ ኦሲጄናታ የሚለውን የቁስል ውሃ የማቅጠኑን ሥራ ለእኔ ሰጠኝ። ዛሬ ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ የምንለው ነው። በጠርሙሱ እንዳለ ከመቶው ሠላሳው መድኃኒት ስለሆነ ቆዳ ያቃጥላል፤ ለቁስል የሚበቃው ከመቶ ሦስት ነው። ስለዚህ ሁለት መለኪያ ከጠርሙሱ፣ ዐሥራ ስምንት መለኪያ ውሃ።

አንድ የገበያ ቀን የወንድሜ ሚስት ቅቤ ሻጭ መስላ መጣች። ወንድሜ ከአርበኞች ጋር አረቅጥ በኩል ነበር።

«ጭኑን በጥይት ተመቷል» አለችኝ። «ቁስሉ መሽተት ጀምሯል፣ እህትዬ።»

ሒሳቡን በሆዴ ሠራሁት። ከሁለቱ መለኪያ አንዱን አስቀርቼ ቦታውን በውሃ ብሞላ፣ ሃያው ሃያ እንደሆነ ይቆያል፤ ጉልበቱ ግን ወደ አንድ ተኩል ይወርዳል። እሱም ይሠራ ይሆናል ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ያስቀረሁትን በትንሽ ብልቃጥ አድርጌ በኮባ ቅጠል ጠቀለልኩላት።

«በአንድ እጅ ዘጠኝ እጅ ውሃ፣ አፍልተሽ ያቀዘቀዝሽው። እንዲሁ እንዳትደፊበት፤ ሥጋውን ይበላዋል።»

ከዚያ ወዲያ በየገበያው ትመጣለች፤ እኔም አስቀርላታለሁ።

በዚያው ሰሞን እግራቸውን የጭነት መኪና የጨፈለቃቸው አንድ የመስቃን በርበሬ ነጋዴ ተኝተው ነበር። ጠዋት ጠዋት ሳጥባቸው አረፋውን ትኩር ብለው ያዩታል።

«ልጄ፣ እንደ በፊቱ አይፈላም። እየዳንኩ ነው ማለት ነው?»

«አዎ፣ አባባ» አልኳቸው።

ሐኪሙ ሙቀቱ መድኃኒቱን አደከመው እያለ ሲያማርር ሰማሁ፤ እኔ መለኪያውን ማጠቤን ቀጠልኩ። በመጨረሻ ቁስሉ ስላመረቀዘ የሽማግሌውን ሦስት የእግር ጣቶች ቆረጠ። እግራቸውን የያዝኩለት እኔ ነበርኩ።

ወንድሜ ዳነ። ጣልያን ከወጣ በኋላ ነጋዴውን ገበያ ላይ በርበሬያቸውን ዘርግተው አገኘኋቸው። አጠገባቸው ቁጢጥ ብዬ ሁሉንም ነገርኳቸው። በርበሬውን በእጃቸው አገላበጡ።

«ወንድምሽ ተረፈ?» አሉኝ በኋላ።

«ተርፏል።»

«አልሐምዱሊላህ።» ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ። «ብትጠይቂኝ ኖሮ እኮ እኔው እሰጠው ነበር።»

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። የቀጠነው ውሃ ይሁን የመኪናው ጎማ ጣቶቻቸውን የወሰደው፣ ዛሬም አላውቅም። «እየዳኑ ነው» ያልኳቸው ግን እኔ ነኝ፤ ያን ጥፋት የሚካፈለኝ ሰው የለም።