ፈቃድና መርዶ ወደ ጅቡቲ

አቶ አብዱልሐሊም የመርሳ ሰው ናቸው። በአቅራቢያው ካለው የግራና ወንዝ የመስኖ ማሳዎች ሎሚና ሽንኩርት እየገዙ በአፋር ቆላ በኩል ወደ ጅቡቲ መላክ ከጀመሩ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኗቸው ነበር። መኪናው ሲመለስ ሩዝ፣ ቴምርና የዱቄት ወተት ይጭናል። የሁለቱ አገሮች ግንኙነት በተነሣ ቁጥር ስለ ወደብና ስለ ባቡር ሐዲድ ይነገራል፤ መነገሩም ተገቢ ነው። ነገር ግን በጅቡቲ ገበያ የተዘረጋው ሎሚ በየትኛው ወንዝ ውኃ እንደበቀለ፣ የመርሳ ሕፃናት የሚጠጡት ወተትም በማን እጅ እንዳለፈ ጠንቅቀው የሚያውቁት እንደ እርሳቸው ያሉ ሰዎች ናቸው።

በጅቡቲ የሚቀበሏቸው ሐጂ ዋይስ የሚባሉ የአትክልት ነጋዴ ነበሩ። በሁለቱ መካከል የተጻፈ ውል ኖሮ አያውቅም። ወዳጅነቱ ወደ ዝምድና አደገና የአቶ አብዱልሐሊም ልጅ ዙልፋ በሐጂ ዋይስ ቤት ተቀምጣ በመደብሩ መሥራት ጀመረች። በሁለተኛው ዓመት የሐጂ ዋይስ የእኅት ልጅ ለትዳር ጠየቃት። ኒካሑም በ፳፻፲፬ ዓ.ም. ከመውሊድ ቀጥሎ በሚውለው ዓርብ እንዲታሰር ተቀጠረ። አባት ተገኝተው ይድሯታል፤ መገኘት ካልቻሉ ወኪል ይሾማሉ፤ ከሁለቱ አንዱ ካልተፈጸመ ኒካሑ አይታሰርም።

ሠርጉ ሳይደርስ፣ በ፳፻፲፫ ዓ.ም. ነሐሴ ላይ ጦርነቱ ወልድያን አልፎ መርሳ ገባ። መንገዱ ተዘጋ፤ ስልክም መብራትም ጠፋ። አቶ አብዱልሐሊም የማይሠራውን ስልካቸውን በቀን አሥር ጊዜ ከኪሳቸው ያወጣሉ፤ ተቀምጠው ሳይደላደሉ ይነሣሉ፤ ከበር ደርሰው ለምን እንደወጡ ይጠፋባቸዋል። ባለቤታቸው ወይዘሮ መሪማ የስኳር ሕመምተኛ ነበሩ። በቤት የተረፈው ኢንሱሊን አለቀ፤ ከየትም አልተገኘም። መስከረም ስድስት ቀን፣ ሐሙስ ዕለት፣ ዐረፉ።

ከቀብር በኋላ አባትየው አንድ ጭንቀት ብቻ ያዛቸው፤ የልጃቸው ኒካሕ እንዳይፈርስ። ዙልፋ የእናቷን ሞት ከሰማች ሠርጉን እንደምትተው አልተጠራጠሩም። መርዶም በአገሩ ሥርዐት አለው፤ በማለዳ፣ ሽማግሌዎች ተሰብስበው፣ የሚደግፋት ሰው ባለበት ሊነገራት ይገባል። ስለዚህ ፈቃዳቸውን አሁን፣ መርዶውን ከሠርጉ በኋላ ሊልኩ ወሰኑ።

መስከረም ሃያ ቀን በማለዳ በትራቸውን ይዘው ሲወጡ ጎረቤታቸው ወይዘሮ አስካለ ከአጥሩ ማዶ አዩዋቸው።

«ጋሼ አብዱ፣ በዚህ ጊዜ ወዴት ነው?»

«ወደ ቆላ። ሁመድን ፍለጋ።»

«ትናንት ከመስጊድ ሲመለሱ ያነክሱ የነበሩት እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

«ትናንት የምሄድበት አልነበረኝማ።»

«እግርዎ ቢደክም እንኳ ምላስዎ ያደርስዎታል! ይቆዩ፣ ቆሎ ልቋጥርልዎ።»

ሁመድ የአፋር ግመል አርቢ ነው። መኪናቸው ቆላ ላይ ሲበላሽ ጭነቱን ለዓመታት የጠበቀላቸው እርሱ ነበር፤ ግመል እየነዳም እስከ ጅቡቲ ይዘልቃል። ከቀትር በኋላ ከአንድ ደረቅ ወንዝ ዳር፣ ከአሸዋው ውኃ እየቆፈረ ሲያጠጣ አገኙት። አፋሮች ሲገናኙ ከሁሉ አስቀድመው ቁጭ ብለው ያዩትንና የሰሙትን ይነጋገራሉ፤ ማን እንዳየ፣ የትና መቼ እንደሆነ እየተጠያየቁ ያጣራሉ። ይህ ዳጉ ይባላል። በዳጉ የጨመረ ወይም የደበቀ ሰው ከእንግዲህ የሚያምነው አያገኝም። አቶ አብዱልሐሊም ይህን ያውቁ ነበር፤ ሥርዐቱ የአፋሮች እንጂ እርሳቸውን የሚይዝ አልመሰላቸውም።

«አንተ አብዱልሐሊም፣ ከስተሃል» አለ ሁመድ፤ ለታላቅም ለታናሽም «አንተ» ማለት ልማዱ ነው። «መርሳ ምግብ ተከለከለ?»

«ረመዳን ቀድሞ መጣብን።»

ፈቃዳቸውን የጻፉበትን ደብዳቤ ሲያወጡ ሁመድ እጁን ሰበሰበ። «ወረቀት አልይዝም። ፍተሻ ላይ ይገድለኛል። ቃልህን ስጠኝ።»

ሐጂ ዋይስን ለዙልፋ ኒካሕ ወኪል እንዳደረጉ ነገሩት። ሁመድ ሦስት ጊዜ ደገመው። ከዚያ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ሎሚው፣ ስለ ወታደሮቹ ጠየቃቸው፤ መለሱለት።

«መሪማስ?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ደኅና ናት።»

ሁመድ በትሩን አሸዋው ላይ አጋደመ።

«መሪማ የዛሬ ሁለት ሳምንት፣ ሐሙስ ቀን ሞታለች። ከዐሱር በፊት ተቀብራለች። ፍየል ፍለጋ የመጣ ሰው ቀብሩን አይቷል፤ አንተንም አይቷል። ይህን ከዋሸኸኝ የኒካሑን ቃል እንዴት አምኜ ልውሰድ?»

«ለልጄ ብዬ ነው! ሠርጓ ይፍረስ ትለኛለህ?»

«እኔ ምንም አላልኩም። ዙልፋ እናቴስ ብትለኝ ምን ልመልስ?»

«ላትጠይቅህ ትችላለች።»

«እናቷን ሳትጠይቅ?»

አቶ አብዱልሐሊም ተነሡ፤ እስከ ውኃው ጉድጓድ ሄደው ተመለሱ፤ ተቀመጡ፤ ደግመው ተነሡ። ከምዕራብ የከባድ መሣሪያ ድምፅ ይሰማል። ሁመድ ግመሎቹን መቁጠር ጀምሯል። ወይ ሁለቱንም መላክ፣ ወይ ሁለቱንም ማስቀረት ነበር።

«ሁለቱንም ውሰድ» አሉ በመጨረሻ። «ግን መጀመሪያ ለሐጂ ዋይስ ሚስት ንገር። ሴቶች ከጎኗ ይቀመጡ። በማለዳ ይሁን።»

«ይህን አደርጋለሁ» አለ ሁመድ።

መውሊድ አለፈ። የተቀጠረችው ዓርብ መጣች። በዚያች ዕለት አቶ አብዱልሐሊም ዐሱርን ሲሰግዱ ስንተኛው ረከዓ ላይ እንደደረሱ ጠፋባቸው። ውጊያው ወደ አፋር ተሻግሯል ተባለ፤ እርሳቸው ግን የሁመድን መልስ ፍለጋ ሦስት ጊዜ ወደ ወንዙ ወርደው ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። በአራተኛው፣ ጥቅምት ሲያልቅ፣ የማያውቋቸው አንድ የአፋር ሽማግሌ ጠበቋቸው።

«ሁመድ ሚሌ ቀርቷል፤ እግሩ ታሟል» አሉ ሽማግሌው። «ቃሉን ከራሱ ተቀብያለሁ። ዙልፋ መርዶዋን በማለዳ ሰማች። ሦስት ቀን ተቀመጠች። ሐጂ ዋይስ ኒካሑ ይቆይ አሏት። እርሷ ግን አባቴ በዚህ ጦርነት መሐል ቃሉን ካደረሰ አላሳድረውም አለች። ዓርብ ታሰረ። እልልታ አልነበረም። ድግሱም ለእናቷ ሶደቃ ወጣ።»

አቶ አብዱልሐሊም ፊታቸውን በፎጣቸው ሸፈኑ።

«ጥያቄ ልካለች» አሉ ሽማግሌው። «እናቴን ማን አጠበልኝ? ትላለች።»

ወይዘሮ መሪማ ባረፉበት ሳምንት የሰፈሩ ሙስሊም ሴቶች ሸሽተው ነበር። የቀሩት አንዲት ዓይናቸው የደከመ የመሪማ አክስት ብቻ ነበሩ። አቶ አብዱልሐሊም «አክስቷ» ብለው ሊያበቁ አሰቡ፤ ሰው ምን ይላል የሚለው ያዛቸው። ሽማግሌው ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ይጠብቃሉ።

«አክስቷ አጠበቻት» አሉ። «አክስቷ አታይም። ውኃውን የቀዳችው፣ እጇንም ይዛ የመራቻት አስካለ ናት፤ ክርስቲያን ጎረቤታችን።»

«ከፈኑስ?»

«ሱቆች ተዘርፈው ጨርቅ አልነበረም። ሐጂ ዋይስ ለንግድ ከላኩልኝ ነጭ ጣቃ ቀደድኩላት።»

ሽማግሌው ከመጀመሪያው ጀምረው ደገሙት። አስካለ አጠበች ብለው ተሳሳቱ። አቶ አብዱልሐሊም አረሟቸው፤ ደግመው ሳይሳሳቱ እስኪሉትም አልለቀቋቸውም።