ጸጥታው የተጠበቀ ትምህርት ቤት

ባሌ በያጅ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ብረት ሲቆርጥና ሲቀጠቅጥ ጆሮው ደክሟል። እሱ ግን «ሰዉ ነው የሚያንሾካሹከው» ባይ ነው። እኔም ሚስቱ ነኝና እየጮኽኩ እኖራለሁ።

ልጃችንን ጎረቤቱ «ራዲዮ» ይላታል፤ ስትነቃ ትከፈታለች፣ ስትተኛ ትዘጋለች። ከመዋዕለ ሕፃናት ስትመለስ በቀጥታ ብየዳ ቤቱ ትገባና አባቷ ትከሻ ላይ ተንጠልጥላ ውሎዋን ትለፈልፍለታለች። ሳይደገምለት የሚሰማው የእሷን ብቻ ነው።

አንደኛ ክፍል የምትገባበት ጊዜ ደረሰና ትምህርት ቤት እንምረጥ አልን። አንዱ ከብየዳ ቤቱ ጀርባ ነው፤ የልጆቹ ጫጫታ ለጉድ ነው። ሌላው በታክሲ የሚኬድበት ሲሆን በሩ ላይ «ጸጥታው የተጠበቀ» ብሎ ጽፏል። ዘበኛ አለን ለማለት ነው። ባሌ ግን ቃሉን እንዳለ ዋጠው።

«አየሽ? እዚህ ጩኸት የለም። የኔ ጆሮ በጩኸት ጠፋ፣ የሷ አይጠፋም» አለኝ።

ጆሮዬ ጠፋ ሲል ሰምቼው አላውቅም። ስለ ዘበኛው ልነግረው የከፈትኩትን አፍ ዘጋሁት።

ትምህርት ቤቱ ደግሞ ዘበኛውም ዝምታውም ነበረው። መምህርቷ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ነው የምታስተምረው። ብዙም ሳይቆይ ልጄ «እማዬ፣ ውሃ» የምትለኝ በሹክሹክታ ሆነ። ጎረቤቶች «ራዲዮዋ ባትሪ ጨረሰች እንዴ?» አሉ። ምን ልዋሽ፣ ጆሮዬ ስላረፈ ደስ ብሎኝ ነበር።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት አምጥቻት ብየዳ ቤቱ ገባን። እንደ ልማዷ ትከሻው ላይ ወጣችና «አባዬ፣ ወድቄ ጉልበቴ ደማ» አለችው።

«ጎሽ! የኔ አንበሳ!» አላት፣ እየሳቀ።

ልጅቷ እኔን አየች። እኔ እሱን አየሁ። ጉልበቷን ገልጬ ሳሳየው ሳቁ ፊቱ ላይ ቀረ።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አላት።

«ነገርኩህ» አለች።

ወደ እኔ ዞሮ፣ «ምን አለች?» አለኝ።

ደግሜ ነገርኩት። መዶሻውን አስቀምጦ ቁጭ አለ።

በማግስቱ መሸኛዋን ልንወስድ ሄድን። ርዕሰ መምህሩ ለምን እንደምናስወጣት ሲጠይቀን ባሌ ኮስተር ብሎ፣ «የጸጥታ ችግር አለባችሁ» አለው። ሰውዬው ደንግጦ ዘበኛውን አስጠራ። ምስኪኑ ዘበኛ ምን እንዳጠፋ እስካሁን አያውቅም።

አሁን ከብየዳ ቤቱ ጀርባ ነው የምትማረው። መጀመሪያ ሰሞን ድምፅዋ አልወጣ ብሏት ነበር። ትናንት ግን ከአጥሩ ማዶ «አባዬ!» ብላ ስትጣራ እኔ ራሴ ክው አልኩ። ባሌ መቁረጫውን አጠፋ።

«አትጩኺ፣ እሰማለሁ» አላት፣ ዓይኑን በእጅጌው እየጠረገ።